የተገዘተው ሐራጅ

ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ከወይራዋ ጥላ ሥር ተቀምጬ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሥራዬ መጻፍ ይባል እንጂ ዋናው መስማት ነው። ሰው መጥቶ በርጩማው ላይ ይቀመጥና «እንዴው ባጭሩ ጻፍልኝ» ይለኛል፤ ከዚያ ከአያቱ ይጀምራል። ቁጣዬ ቅርብ ስለሆነ «ዳኛዋ አያትህን አትጠይቅህም፣ ወደ ነገሩ ግባ» እላለሁ። ይቀየመኛል። ነገ ተመልሶ ይመጣል፣ ሌላ ጸሐፊ የለማ።

ገለቴ ግን እንደዚያ አልነበረችም። ጎረቤቴ ናት፣ የማኅበሬም ሰው ናት፣ በዕድሜም ብዙ አንራራቅም። መጀመሪያ የመጣች ዕለት ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠችና «ቤቴን ባንኩ ሊሸጠው ነው። አትሽጡባት ብለህ ጻፍ» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። በዚህ ሥራ ስቀመጥ እንዲህ ያለ አጭር ነገር ሰምቼ አላውቅም፤ የዚያን ያህል ረጅም ሆኖ የቀረም ጉዳይ የለኝም።

የተወለደችው ከይምርሐነ ክርስቶስ በታች ካለው አገር ነው። ልጅ ሳለች ለከፋለ ተዳረች፣ ከፋለም ወደ ላሊበላ አመጣት። ድንጋይ ጠራቢ ነበር። በኛ ከተማ ድንጋይ ጠራቢ ሆኖ መኖር የሰው መቀለጃ መሆን ነው፤ «መላእክት ያገዙት ሰው እያለ አንተን ማን ያሠራሃል?» እያልን እናበሽቀው ነበር። እሱም ሳይስቅ «መላእክቱ ሄደዋል፣ አሁን ተራው የኔ ነው» ይለናል። ቀን የሰው ቤት ይሠራል፣ አመሻሹ ላይ የራሱን። ገለቴ ለጭቃው ውሃ በጀርባዋ ታመላልሳለች። ቤቱ ዓመታት ፈጅቶ ቆመ፤ ቀይ ድንጋይ፣ ወፍራም ግድግዳ፣ ምንም የማይወጣለት። አንድ እንከን ብቻ ነበረው። የዋናው በር ሳንቃ ወደ ታች ስለወረደ ሲከፈት ከፍ አድርጎ መግፋት ያስፈልጋል። ከፋለ «ነገ አስተካክለዋለሁ» ሲል ኖረ። የሰውን በር ሁሉ እያቃና የራሱን ሳያቃና ታሞ ሞተ።

ልጅ አልነበራቸውም። ገለቴ ሆቴል ገብታ አንሶላ ማጠብ ጀመረች። ያኔ ከተማው በእንግዳ ይጨናነቅ ነበርና፣ አጣቢዋ ሴትዮ እንግዶቹ ለአንድ አዳር የሚከፍሉትንና ለእሷ በወር የሚከፈላትን ማወዳደሯ አልቀረም። ግቢዋ ሰፊ ነው። ባንኩ ቤቱን በመያዣነት ይዞ አበደራት፣ እሷም ከጓሮ በኩል የእንግዳ ክፍሎች አሠራች። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና የሚባለውን ተረት አሁን የሚተርትባት ሁሉ፣ ያኔ አንድም ሰው ገደሉን አላሳያትም። እንዲያውም ምነው እኛም በተበደርን ብለን ቀንተናል።

አንድ ገና ክፍሎቹ ሞሉ። በዓመቱ በሽታው መጣ፣ አገሩ ተዘጋ። በሽታው ቀለል አለ ሲባል ጦርነቱ ደረሰ። በዚያ ሁሉ መሐል ክፍሎቹ ባዶ አልነበሩም፤ ከገጠር የሸሹ ሰዎች ገብተውባቸው ነበር። ገለቴ ኪራይ አልጠየቀቻቸውም፣ እነሱም የሚከፍሉት አልነበራቸውም። ባንኩም ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ከረመ። ልትከፍል ብትፈልግ እንኳ ገንዘብ የሚቀበል መስኮት አልነበረም። ሲከፈት ግን ወለዱ አንድ ቀን እንኳ ሳያርፍ ተቆጥሮ ጠበቃት።

የጻፍሁላት ክስ ይህንኑ የሚል ነው፤ ባንኩ በተዘጋበት ጊዜ የታሰበው ወለድ ይነሳልኝ፣ እስከዚያው ሐራጁ ይታገድ። ክሱ ጥሩ ክስ ነበር፣ ስለራሴ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ እንዲህ አልልም። ቀጠሮውን ግን ሰው አይችለውም። አንድ ቀን ዳኛዋ ስብሰባ ናቸው ይባላል፣ አንድ ቀን መብራት የለም፣ ሌላ ቀን መንገዱ ስለተዘጋ የባንኩ ጠበቃ አልደረሰም። ገለቴ በእያንዳንዱ ቀጠሮ ቀሚሷን አጥባ ትመጣለች፣ ከበርጩማዬ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ሌላ ቀጠሮ ይዛ ትመለሳለች። እኔ እናደዳለሁ፣ እሷ አትናደድም። መድከም ከመናደድ በላይ እንደሆነ ያወቅሁት እሷን አይቼ ነው።

በመጨረሻ ዳኛዋ ውሳኔውን አነበበች። ወጣት ናት፣ ድምፅዋም ለስላሳ ነው። ባንኩ በመያዣ የያዘውን ንብረት በራሱ ሐራጅ አውጥቶ የመሸጥ መብት ሕጉ ሰጥቶታል፣ ፍርድ ቤቱ ሽያጩን ማገድ አይችልም፣ በሽያጩ ተበድያለሁ የሚል ግን ኋላ ካሳ መጠየቅ ይችላል አለች። ገለቴ እጇን አወጣችና ኋላ ቢፈረድልኝ ቤቴን ይመልሱልኛል ወይ ብላ ጠየቀች። ዳኛዋ ካሳ እንጂ ቤቱ አይመለስም አለቻት። ገለቴ እግዜር ይስጥልኝ ብላ እጅ ነሥታ ወጣች።

ከዚያ ያደረገችውን የላስታ ሰው ሁሉ ያደርገዋል። የሰው ዳኛ ሲዘጋባት ወደ ንስሐ አባቷ ሄደች።

አባ ገብረ ሊባኖስ ሽማግሌ ናቸው፣ ለመገዘት የሚቸኩሉ ሰው አይደሉም። እኛ ዘንድ ካህን በቃሉ ያሰረውን የሚደፍር የለም። ፍርድ ቤት ዓመት ያመላለሰበትን ድንበር አንድ ግዝት በሳምንት ሲመልሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ አባ እምቢ አሉ፣ ጉልበታቸውን ሳመች፣ ደግሞ እምቢ አሉ፣ ደግሞ ሳመች። በታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆሙ። መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ «የዚህችን ባል የሌላት ሴት ቤት በሐራጅ የገዛ፣ ያስገዛ፣ ዋጋ የጠራ፣ በእግዚአብሔር ቃል ገዝቻለሁ» አሉ።

ሕዝቡ አሜን አለ። እኔም ብያለሁ።

ከጥምቀት በኋላ ሐራጁ ወጣ። ማስታወቂያው በባንኩ በርና በመናኸሪያው ተለጥፎ ነበር። የባንኩ ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ ወንበር ደርድረው እስከ እኩለ ቀን ጠበቁ፣ አንድም ሰው አልመጣም። አላፊ አግዳሚው እንኳ ባንኩ ፊት ላለመታየት በሌላ መንገድ ዞሮ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ማኅበርተኛው በሙሉ ገለቴ ቤት ተገኘ። አንዱ ጠላ፣ አንዱ ዳቦ ይዞ መጣ። ሳይደግስ አይጣላም ተባለ፣ የመበለት አምላክ አይተኛም ተባለ። ገለቴ ከከፋለ ሞት ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም። ሰው ሁሉ ሲወጣ በሩን ከፍ አድርጋ እየከፈተች በተራ በተራ ሸኘችን።

ደስታው የቆየው የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ወደ ወይራዋ ጥላ እስኪመጣ ነው። ወንድምአገኝ ይባላል፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ልጅ ነው። ክፉ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለን ነበር፣ እንረግመው ነበር። ገለቴ እኔ ዘንድ ተቀምጣ አገኛትና ቁጢጥ ብሎ፣ «እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት የሚሉዎትን አይስሙ» አላት።

ነገሩን አስረዳን። በመጀመሪያው ሐራጅ ገዢ ካልቀረበ ሁለተኛ ይወጣል። በሁለተኛውም ሰው ከታጣ ባንኩ ቤቱን ለመጀመሪያው ሐራጅ በወጣው መነሻ ዋጋ ለራሱ ይወስደዋል። መነሻውን ያወጡት የባንኩ መሐንዲሶች ናቸው፣ ከዕዳው እምብዛም አያልፍም። ቤቱ ግን ገበያ ላይ ቢፎካከሩበት ከዚያ እጅግ የበለጠ ያወጣል፣ ከዕዳው በላይ የሆነው ደግሞ የእሷ ነው። በተረፈው አንዲት ትንሽ ቤት አታጣም ነበር። ሰው ዝም ካለ ግን ባንኩ ይወርሳል፣ እሷ ባዶ እጇን ትወጣለች። እንዲህ ብሎ ልብሱን አራግፎ ሄደ።

እኔ ማመልከቻ እንጂ የባንክ ሕግ አላውቅም። ቢሆንም በራሴም በማኅበሩም በአባም ተናደድሁ፣ ማንን አስቀድሜ እንደምቆጣ ጠፋኝ። ገለቴ ግን፣ «እንግዲያ ግዝቱ ያረፈው እኔው ላይ ነው» አለች።

ያሰረ ነው የሚፈታው። አባ ገብረ ሊባኖስ ግን ዐቢይ ጾም ሲገባ ሱባኤ ለመያዝ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄደዋል። በዚያ ሰሞን መንገድ ተዘግቶ መኪና አልነበረም፣ ገለቴ በእግሯ ሄደች። ኋላ እንደነገረችኝ የአባቷን አገር ያለፈችው ቀና ሳትል ነው። የወንድሞቿ ልጆች ማሳ ላይ ነበሩ፣ ገብታ ሰላም ብትላቸው ከተማ ምን ይዘሽ መጣሽ ይሉኛል ብላ ፈራች። ጉልበቷ ሲከዳት ዳገቱ ላይ ቁጭ ትላለች፣ ደግሞ ትነሳለች። ቤቴን ላለማጣት እንዲህ ሄጄ አላውቅም፣ ቤቴን ለማሸጥ ግን ሄድሁ አለችኝ።

አባ ከዋሻው አፍ ዳር ተቀምጠው ዳዊት ሲደግሙ አገኘቻቸው። ጾመኛ ናቸውና ፊታቸው አንሷል። ነገሩን ስትጨርስ መጽሐፋቸውን አጠፉ። ሽማግሌው አፍረው ነበር ትላለች፣ እሷም ስላሳፈረቻቸው አዘነች። ከዚያ፣ «ያሰርሁት እኔ ነኝ፣ እፈታዋለሁ ልጄ። ያንቺን እንባ ግን እኔ አላሰርሁትም። እሱን የምትፈችው አንቺ ነሽ» አሏት።

«እንዴት አድርጌ፣ አባ?»

«ገዢውን በአፍሽ መርቂው። ከልብሽ ካልሆነ ግን ምርቃት አይባልም።»

ሱባኤውን አቋርጠው መጥተው በእሑዱ ቅዳሴ ላይ፣ ያው ሕዝብ ፊት ቆመው ፈታሁ አሉ። አሜን ያለው ሰው ጥቂት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ወሬው ሌላ ነበር። ባንኩ አስገድዷት ነው ተባለ። ምስኪን፣ አፏን አሲዘዋት ነው ተባለ። አባ ቢፈቱም እኛ በመበለት ቤት ላይ ዋጋ አንጠራም ተባለ። ቆሜ ላስረዳ ሞከርሁ፤ የባንክ ቅጥረኛ ሆንህ እንዴ አሉኝ። ደግ ሰው ደግነቱን አንዴ ከጀመረ ማስቆም እንዴት ከባድ ነው። ክፉ ሰው እንኳ ሲደክመው ይተዋል።

ገለቴ የቀራት በየቤቱ መዞር ነው። ከላይ ሰፈር ጀመረች። ወይዘሮ አመተ ማርያም ዘንድ ቤቴን ግዙልኝ ብላ ስትገባ ወይዘሮዋ አልቅሳ እህል ቋጥራ ሰጠቻት። ሌላው ቤት ሰውየው በጓሮ ወጥቶ ጠፋ። ሰው እርዱኝ ብሎ ሲለምን አይቻለሁ፣ ቤቴን ውሰዱልኝ ብሎ ሲለምን ግን በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። በመጨረሻ ከኮን ከተማ መጥቶ እዚህ መጋዘን የተከራየ ቢተው የሚባል የእህል ነጋዴ እሺ አላት። ልጆቹን ሊያመጣ ቤት ሲፈልግ ነበር። እሱም ግዝቱን ሰምቶ ኖሮ መፈታቱን ከእሷ አፍ ካልሰማ አልቀርብም ብሎ አስምሏታል።

ገዢ ተገኘ ብላ ደስ ብሏት መጣች። ደስታዋን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ሰው ብቻውን ከገባ በመነሻው ይወስደዋል፣ ላንቺ የሚተርፍ የለም፣ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል አልኋት። ከዚያ ተነሥታ ወደ ሰርክአዲስ ሄደች።

ሰርክአዲስ ወፍጮ ቤት ያለው ጎረቤቷ ነው፣ አጥር ይጋራሉ። ከፋለን እንደ አባቱ ያይ ነበር፤ የወፍጮ ቤቱንም ግድግዳ ከፋለ ነው የሠራለት። አቅም አለው፣ ግን ፈጽሞ አላደርገውም አለ። በነጋታው ሄደች፣ አላደርገውም አለ። በሦስተኛው ቀን ሚስቱ ጣልቃ ገብታ እንዴው ለእሷ ስትል ግባና ቁጭ በል አለችው። የሐራጁን ማስያዣ ገንዘብ አስይዞ ተመዘገበ።

የሁለተኛው ሐራጅ ዕለት ጠዋት እኔም በርጩማዬን ትቼ ሄድሁ። ሰው መጥቷል፤ ለመግዛት አይደለም፣ ማን እንደሚደፍር ለማየት። ገለቴ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። የባንኩ ሰው መነሻውን አነበበ። ቢተው እጁን አውጥቶ በመነሻው እገዛለሁ አለ። የባንኩ ሰው ሌላ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሰርክአዲስ መሬት መሬት ያያል። በኛ አገር በጎረቤት ቤት ላይ ዋጋ መጥራት ማለት ሬሳው ሳይወጣ ውርስ መጠየቅ ነው፤ ልጁ አፉ አልከፈት አለው። የባንኩ ሰው አንደኛ ጊዜ አለ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛ ጊዜ አለ።

ገለቴ ተነሣች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ወደ ትከሻዋ አወረደችው፣ ልመና እንደሚደረገው።

«ሰርክአዲስ፣ ልጄ» አለች። «ጨምርበት። ከወደድኸኝ ጨምርበት።»

ሰርክአዲስ እንባው እየወረደ ጨመረ። ቢተው ጨመረበት። ሰርክአዲስ ዞሮ አያት፣ አንገቷን በእሺታ ነቀነቀችለት፣ እሱም ደግሞ ጨመረ። እንዲህ እየተባባሉ ዋጋውን ከፍ አደረጉት። ዋጋው በተጠራ ቁጥር ሰው በቤቷ ይፎካከራል፣ እሷ ደግሞ ትንሽ ይጨምር እያለች አንገቷን ትነቀንቃለች። ማየት ስላቃተኝ ወደ አጥሩ ዞርሁ። በመጨረሻ ሰርክአዲስ አቅሙ አለቀና ዝም አለ፣ ቤቱ ለቢተው ጸደቀ።

ከዕዳው ተረፈ። በታች መንደር አንዲት ክፍል ቤት የምትገዛ ያህል ተረፈ። ገለቴ ያሸነፈችው ይህን ነው፤ ከዚያ ሁሉ ክስና ቀጠሮ፣ ከግዝቱም ከመንገዱም በኋላ። ማኅበርተኛው ለጥቂት ሳምንት ሰርክአዲስን ሰላም አላለውም። እኔም ለጥቂት ሳምንት ማኅበርተኛውን ሰላም አላልሁም።

ቁልፍ በምታስረክብበት ጠዋት ዕቃዋን ያሸከምነው እኔና ሰርክአዲስ ነን፣ ብዙም ዕቃ አልነበራት። ቢተው መጣ፣ ግን ከደጃፉ ቆመ። ግባ ብንለው አልገባም አለ። ጎበዝ ነጋዴ ነው፣ ሰው አይፈራም፣ እግሩን ከመድረኩ ላይ ለማሳረፍ ግን ተቸገረ።

«እማማ፣ እርስዎ ካላስገቡኝ አልገባም» አላት። «ልጆች አሉኝ።»

ገለቴ አባ የነገሯት ትዝ ሳይላት አልቀረም። ከልብሽ ካልሆነ ብለዋታል። ቤቱን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ ከዚያ እሱን አየችው። ፊቷ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፣ ይቅርታም አልነበረም። ደክሟት ነበር። እጁን ያዘችውና ቀድማ ገባች።

«ያስለቀስኸኝ አንተ አይደለህም» አለችው ውስጥ ሲቆሙ። «ግባ። ልጆችህ ይደጉበት። ክፉ አይይህ። ብርዱንም ድካሙንም እኔ ወስጄዋለሁ፣ ላንተ የተውሁልህ የለም።»

አሜን አለ፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ። ከዚያ ቤቱን አዞረችው። በክረምት የሚያፈሰው የትኛው ጥግ እንደሆነ፣ ከጓሮ ክፍሎች የትኛው እንደሚሞቅ፣ የትኛው ጎረቤት ውሃ ሲጠፋ እንደማይነፍግ ነገረችው። እያንዳንዱን ነገር በእርጋታ ነበር የምትናገረው፣ እንግዳ እንደምታሳድር። ስንወጣ ዋናውን በር ዘግታ ቁልፉን ሰጠችው። እሱ ሊከፍት ሲገፋው በሩ እምቢ አለው።

«ከፍ አድርጋት» አለችው። «ከፍ ካላደረግሃት አትከፈትም።»

ከፍ ሲያደርጋት ተከፈተች። ቢተው የማጠፊያውን ብረት ዳሰሰና ሳቅ አለ።

«ይቺ ቀላል ናት፣ እማማ» አላት። «ነገ አስተካክላታለሁ።»

በፍርድ ቤት አላለቀሰችም፣ በሐራጁ አላለቀሰችም። እዚያ በሩ ላይ ግን አለቀሰች፤ ሰርክአዲስ ደግፎ እስኪያስቀምጣት አለቀሰች። ቢተው ምን እንዳጠፋ ግራ ገብቶት በየተራ ተመለከተን። የሚያስረዳው አልተገኘም። ስትጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና እንሂድ አለችን፣ ወደ ታች መንደር ወረድን።